ሳይለኩ ጤነኛ

ባለፈው ቅዳሜ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ወጣቶች ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የደም ግፊት በነጻ ይለኩ ነበር። ጎረቤቴን «ጋሼ፣ ይምጡ እንለካ» አልኳቸው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ልጅቷ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ልትጠቀልል ስትል ግን እጅጌውን ቀስ አድርገው መለሱት። «ልጄ፣ ሰው የሚታመመው የተለካ ቀን ነው» ብለዋት ተነሡ።

ደም ግፊት ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር እንደሚችል ልጅቷ ልታስረዳቸው ሞከረች። ጋሼም «ምልክት ከሌለውማ ምን አስጨነቀሽ?» አሏት። 140 በ90 ሲደርስ ሐኪም በሽታ ይለዋል፤ እሳቸው ግን ቁጥርም የላቸው፣ በሽታም የላቸው። እንዲህ ያለ ርካሽ መድኃኒት የትኛውም ፋርማሲ አይሸጥም።

«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ በተለይ «አውቆ» የምትለዋን። የእውነት የተኛ ሰው ምን ችግር አለው? ትከሻውን ነካ ማድረግ ነው። አውቆ የተኛው ግን ጆሮው ከሁላችንም የነቃ ነው፤ የሚጠራው ለሥራ መሆኑን አጣርቶ ነው የሚያንኮራፋው። እስቲ «ምሳ ቀርቧል» በሉት!

ይህን ካነሣሁ ያንን የሚኒባስ ሹፌር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አልወጣልኝም። ጋቢና ተቀምጬ ሳይ የሞተር ዘይት መብራቱ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል። በሥዕሉ ጠርዝ ቀይ ብርሃን ያጮልቃል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ዓይኔን እየወጋኝ ተቸግሬ ነው» አለኝ። ዘንዶ የገደለ ሰማዕት የዘይት መብራት ይሸፍን? ዳገቱን ሳናጋምስ ሞተሩ ጨሰ። ጭሱንስ ይቅር ብያለሁ፤ ረዳቱ «ግማሽ መንገድ መጥታችኋል፣ ሒሳብ አይመለስም» ያለውን ግን እስክሞት አልረሳም። ግማሽ መንገድ! የቀረው ግማሽ እኮ ዳገቱ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የእድር መዋጮ አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም። መሞታቸውን አምነው ከፍለውበታል ማለት ነው። በማግሥቱ እሑድ በተደረገው የእድር ስብሰባም መዋጮው ከፍ እንዲል እጃቸውን አውጥተው የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ሊቀመንበሩ ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣

«ሰው እኮ ዝም ብሎ በድንገት እየሞተ ተቸገርን» አሉ።