ተራራው ከመስኮታችን ይታያል፣ መንገዱ ግን በቀጠሮ ሆኗል

ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ሐበሾች ብሶታችንን ስናወራ የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ይቀድማሉ። እኔ ዛሬ የተራራውን ላውራ። ኮሎራዶ ውስጥ ቤተሰብን በመኪና ጭኖ ተራራ ማሳየት የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ እየሆነ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ወቅቱ ድሮም አጭር ነው። ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክን የሚያቋርጠው የትሬይል ሪጅ መንገድ እስከ 3,713 ሜትር ይወጣል፤ እንጦጦን ቁልቁል ያስቀራል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሜይ መጨረሻ ተከፍቶ በኦክቶበር ይዘጋል። ከበረዶ ጋር ማንም አይጣላም።

የሚያቃጥለኝ ቀጠሮው ነው። በዚያ ወቅት ወደ ፓርኩ ለመግባት ቀንና ሰዓቱ የተቆረጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጁላይ ፈቃድ ሽያጭ የሚጀምረው ጁን 1 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ዋጋው 2 ዶላር ነው፤ ችግሩ ገንዘቡ አይደለም። በአረጋውያን መጦሪያ፣ በአየር ማረፊያ፣ በመጋዘን በፈረቃ የሚሠራው ወገኔ የጁላይ እረፍቱ የትኛው ቀን እንደሚውል በጁን መባቻ ከየት ያውቃል? የእኔ የሥራ ፕሮግራም የሚለጠፈው ሳምንቱ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የባለቤቴ ፈረቃ ደግሞ ሌላ ነው። የሁለታችን እረፍት በስንት መከራ ሲገጥም የጠዋቱ ፈቃድ አልቋል።

«ያለ ፈቃድም ይገባል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው የቤር ሌክ ሐይቅ ካልሄዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቻላል። ነገር ግን ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጣ ሰው ልጆቹን ቀስቅሶ፣ ከአውሮራ ተነስቶ፣ የኢስቲስ ፓርክን ከተማ አልፎ 3 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ አይደርስም። ቢደርስስ፣ እንቅልፍ ያላየ ሰው በዚያ ጠመዝማዛ ገደል አፋፍ ላይ መሪ ሊጨብጥ ነው?

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ደግሞ የመብረቅ ሰዓት ነው። በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ጥርት ያለው ሰማይ ድንገት ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይከተላል፤ ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ከፍታ መጠለያ የለም። የፓርክ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ከቀትር በፊት ከከፍታው ውረዱ ብለው ይመክራሉ። ፈቃድ ያላገኘ ቤተሰብ ግን ሌላው በሚወርድበት ሰዓት ነው ውጣ የሚባለው። ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣች እናት በጁላይ በረዶ በእጇ እንድትነካ ብለን አንድ ቀን ብናገኝ፣ ያቺን ቀን ለመብረቅ መስጠት አለብን?

ፓርኩን ትተን በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ተራሮች እንሂድ ብንል ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል መጨናነቁን የማያውቅ የለም።

በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ገደብ እንደሚያስፈልገው አልክድም። ገደቡ ይኑር። ግን ከፈቃዱ ውስጥ ለመግቢያው ቀን በዋዜማው ምሽት የሚለቀቀው ድርሻ ይጨመር፣ ከቀሪውም ላይ በርከት ያለው ከሳምንት በፊት ይለቀቅ። አሠሪዎችም የፈረቃ ፕሮግራሙን ቢያንስ ከወር በፊት ይለጥፉልን።