ይድረስ ለክቡር አቶ ቱን

ጉዳዩ፦ ደሴ ላይ የአምባሰልን ቅኝት ስለማዋረድዎ

ክቡር ሆይ፣ ስምዎ «ኦቶቱን» ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ሥራዎም ከኖታ የሳተ የዘፋኝ ድምፅ በኮምፒውተር ማረም እንደሆነ እናውቃለን። ወሎ ውስጥ ግን እንግዳን ያለ ማዕረግ መጥራት ነውር ስለሆነ «አቶ» ብለንዎታል።

በ1997 እ.ኤ.አ. መወለድዎን፣ አባትዎም ነዳጅ ፍለጋ ላይ የከርሰ ምድር ሞገድ ሲያጠኑ የኖሩ ባለሙያ መሆናቸውን ሰምተናል። ከመሬት ሆድ ዘይት የሚፈልግ ስሌት ከሰው ጉሮሮ ስህተት እንዲፈልግ ተመደበ። ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከቆፈሩት ጉድጓድ የተገኘው ግን ሌላ ነገር ነው።

ትኬቱን በሞባይል ከፍለን በር ላይ «ኔትወርክ የለም» መባላችንን እንለፈው፤ በእሱ እርስዎን አንከስም። ጋሼ መድረክ ላይ ወጡ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚሠሩት ጋሼ ናቸው። በትዝታ ቅኝት ጀመሩ። ሙሉ ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሳውንድ ማኑ እርስዎን ዶ ሜጀር ላይ፣ ማለትም የኪቦርድ ነጫጭ ቁልፎች ላይ ብቻ ቀርቅሮዎት ስለነበር አምስቱም በሰላም አለፉ። ባቲ ቀጠለ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። እሱም ነጭ በነጭ። የጋሼ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ከማለቱ በቀር ክፉ አልነበረም።

ሦስተኛው አምባሰል ሆነ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሁለቱ ፍላቶች፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉት፣ ጥቁር ቁልፍ ናቸው፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ጥቁር ክልክል ነው። ጋሼ ሬ ፍላትን በቦታዋ ያወጧታል፤ እርስዎ አንዴ ወደ ዶ ይጎትቷታል፣ አንዴ ወደ ሬ ያስፈነጥሯታል። እኩል መሀል ላይ ናትና ለፀጉር ያህል ወዳዘነበለችበት ትወድቃለች። ላ ፍላትም በሶልና በላ መካከል እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ሚኒባስ ስትንገላታ አመሸች። ሁለቱም ወደ ላይ በተገፉ ቁጥር የሚቀረው ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይኼ ደግሞ ከፋ የተነሳ ትዝታ እንጂ አምባሰል አይደለም።

ባለማሲንቆው ቁልፍ የለውም። ያለው ጭራ፣ አራት ጣትና እጣን የተቀባ ደጋን ነው። ሬ ፍላትን በቦታዋ ገዘገዛት። ከድምፅ ማጉያው ከሚወጣው ጋር ተጋጨች። ታዳሚው መጀመሪያ ተያየ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ማሲንቆው ቀሰረ። ሰውየው ደንግጦ መቃኛውን ጠመዘዘ። መለሰው። አንገቱን ደፍቶ ጆሮውን ወደ ጭራው አስጠጋ። ሳውንድ ማኑ ይኼኔ የማሲንቆውን ፌደር፣ ማለትም የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን፣ ወደ ታች ስቦ ዘጋው፤ ባለማሲንቆው የቀረውን ዘፈን ድምፅ የሌለው ደጋን ሲስብ ጨረሰ።

አንተ! ሰውየው ልክ ነበር! ጋሼም ልክ ነበሩ! አንዱን አስዋሸህ፣ ሌላውን ድዳ አደረግህ፣ እኛንም በልክ ሰው ላይ አሳቅኸን። ያውም የት? ሐይቅን አልፈህ ብትሄድ አምባሰል የሚባል አገር እዚያው ተቀምጧል!

ይቅርታ፣ ክቡር አቶ ቱን። ደማችን ፈልቶ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ እንዳልሆነ አይጠፋንም። ለአምባሰል ከ12ቱ ቁልፎች አምስቱን ትቶ ሰባቱን መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዘፈን ዘፈን ቅኝቱን ማወቅ ግን ይጠይቃል። የማረሚያ ፍጥነትዎንም ዜሮ አድርገውልዎት ነበር። ዜሮ ላይ ድምፅ ገና ከአፍ ሲወጣ ይታሰራል። ጋሼ ስንኝ መድረሻ ላይ የሚያርገበግቧት፣ ስንቱን ያስለቀሰች ቅላጼ፣ እንደ ደረጃ ተቆራርጣ ወጣች።

ደግሞስ እርስዎን ማን ጠራዎት? ጋሼ አርጅተዋል፤ ላይኛዋ ዶ እምቢ ብላቸዋለች። አብሽሩ፣ ይኼ ነውር አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝን ተጭኖ ሁለት ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ባለማሲንቆውም ጭራውን በዚያው ልክ ማላላት ነው። ማሲንቆ ድሮም የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። የሻከረውን ድምፅ ቁጭ ብለን እንሰማ ነበር፤ ትዝታ እንዲያውም ትንሽ ሻከር ሲልላት ነው የምታምረው። ጋሼ ግን ከካሴቱ ዘመን ከፍታ አልወርድ ብለው እርስዎን ምርኩዝ አደረጉ።

በግጥሙ ግን እጅዎ እንደሌለበት እንመሰክራለን። ሰሙን ለገበያ፣ ወርቁን ለቤት ያዘጋጅ የነበረ ሰው ዛሬ «የኔ ማር» ላይ «የኔ ፍቅር» ሲደርብ ሦስት ደቂቃ ይሞላል። እሱን የሚያርም ማሽን ገና አልተሠራም።

የጭስ ማሽኑን ትተነዋል፤ ያቃጠለን እሱ አይደለም።

ቀጣዩ ዝግጅት ኮምቦልቻ ነው ተብሏል። ከመጡ አምባሰል ሊጀመር ሲል ወደ ውጭ ብቅ ይበሉ፣ ሻይ እንጋብዝዎታለን።

ከሰላምታ ጋር
ከኋላ ወንበር የነበርነው

ግልባጭ፦
ለአቶ ፕሌይባክ (በፍላሽ)
ለሳውንድ ማኑ
ለጋሼ፣ ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ
ለባለማሲንቆው፣ ፌደሩ ሲከፈት