ከማን ቀራህ?

አጎቴ ደሴ ውስጥ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበሩ። 27 ዓመት ዳኝተዋል። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ በአንድ ድንኳን ይጽናናል።

አንድ እሑድ፣ ገና ጉልበት ሳይከዳቸው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የመዋጮው መዝገብ ያለበት ቤት ቁልፍ ነው። "ምርጫው የእናንተ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ይሄን ልጅ አድርጉት" ብለው ወደ አንድ የ30 ዓመት ጎልማሳ ጠቆሙ። ሰዉ ደነገጠ። "ምን አስቀየምንዎት?" ያለም ነበር። እሳቸው ግን ማንም አላስቀየማቸውም።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከስብሰባ አልቀሩም። ከአዲሱ ዳኛ በስተግራ ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም። ሰው እንደለመደው ወደ እሳቸው ሲዞር "ዳኛውን ጠይቁ" ይላሉ። አንድ ቀን ልጁ ተሳሳተ። በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ሰው ፊት አቁሞ አንደኛውን "ጥፋተኛ ነህ" አለው። አጎቴ ጭጭ አሉ። ማታ ቡና ጠሩት። አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ። በረካው ላይ ሲደርሱ ነው ያነሱት። "ሰውን ሰው ፊት አትርታው። ለብቻው ጥራውና ራሱ ላይ ራሱ ይፍረድ።" ሌላ አልጨመሩም።

ይሄን የምጽፈው ብዙ ጊዜ የማየው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ ነው። ኃላፊነት ላይ የቆዩ ሰዎች ወይ እስኪወድቁ ወንበሩን አይለቁም፣ ወይ ከለቀቁ በኋላ በራቸውን ይዘጋሉ። ያሠሩት ሕንፃ ላይ ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ ይቀራል። ሕንፃው ይሠራ፣ ደግ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር ሲኖሩ ያወቁት ነገርስ? የተቆጣን ሰው መቼ ማናገር እንደሚሻል፣ የትኛውን ወሬ ሰምቶ ዝም ማለት እንደሚገባ፣ ያጠፋን ልጅ ሳይሰብሩ እንዴት እንደሚመልሱት። ይሄ ሁሉ አብሯቸው ይቀበራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ወሎ ደግሞ ይሄን የሚያጣ አገር አልነበረም። ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ ሲሉ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት። የሐይቁ አበምኔት በኋላ አቃቤ ሰዓት የሚባል ትልቅ ማዕረግ ነበረው፣ ከንጉሡ ዘንድ የሚያስቀርብ። ዛሬ ያን ማዕረግ የሚያስታውሰው ስንት ሰው ነው? አባ ኢየሱስ ሞዓን ግን በተማሪዎቻቸው እናውቃቸዋለን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ ተምረው ነው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረቱት። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አቡነ ሂሩተ አምላክም ከሐይቅ እንደሄዱ ይነገራል።

በእስልምናውም እንዲሁ ነው። ዳና፣ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥ የተባሉት የወሎ ቦታዎች ስማቸው የገነነው በዒልም፣ በሃይማኖት ዕውቀት ነው። ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ከሸኹ ዘንድ ይኖራል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ኪታቡን ይቀራል፤ መቅራት ማለት ከሸኹ ዘንድ መማር ነው። ሸኹ ሲቆጡ ያያል፣ ሲታረቁም ያያል። ለማስተማር ደግሞ የሸኹ ፈቃድ፣ ኢጃዛ፣ ያስፈልገዋል። ሁለት የቀሩ ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት "ከማን ቀራህ?" ብለው ነው። የቆሎ ተማሪውም "የማን ተማሪ ነህ?" ይባላል። በሁለቱም ቤት መምህሩ ስሙ የሚጠራው በተማሪው አፍ ነው። ይህን ጥያቄ ለሹሙም፣ ለርዕሰ መምህሩም፣ ለነጋዴውም ብናቀርበው ደስ ይለኛል። ከእርስዎ የቀራ ማን አለ?

ለማስቀራት ደግሞ ሹመት አያስፈልግም። አያቴ ወረባቦ ቆላ ላይ የኖረች ገበሬ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው አልመራችም። ማሽላ ሳይታጨድ ገና እንደቆመ እህቴን ይዛ እርሻው ውስጥ ትገባለች። ለዘር የሚሆነውን ራስ የምትመርጠው ያኔ ነው። እህቴ ዳር ላይ ያለውን፣ የወፈረውን ስትይዝ እጇን ትመልሰዋለች። "የዳሩ አፈሩንም ፀሐዩንም ብቻውን አግኝቶ ነው የወፈረው። መሃል ተጋፍቶ ያፈራውን ያዥ።" የተመረጠው ራስ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ይሰቀልና ጭስ ይጠግባል። በ1977 ረሃብ እርዳታ ወደሚታደልበት ስትሰደድ ከዚያ ዘር ጥቂት በጨርቅ ቋጥራ ወገቧ ላይ አስራ ነበር። እየራባት አልበላችውም። ስትመለስ ዘራችው። እህቴ ዛሬም ዘር ስትመርጥ ዳሩን አልፋ ወደ መሃል ትገባለች።

አበጋሮቻችንን ሳስብ ግን እሰጋለሁ። አበጋር ደም አድራቂ ነው። የገዳይንና የሟችን ወገን አቀራርቦ፣ ካሳውን ቆርጦ፣ ቂሙ ለልጅ ልጅ እንዳይተርፍ ያደርጋል። እስላምም ይሁን ክርስቲያን ቃሉ ይከበራል። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ልጁ ከአባቱ ኋላ ተቀምጦ ስንት እርቅ ያያል። አሁን ልጁ ጅዳ ነው፣ ወይም አዲስ አበባ። አባትየውን ደግሞ ለስብሰባ እንጠራቸዋለን። መክፈቻው ላይ ይመርቃሉ፣ መዝጊያው ላይ ይመርቃሉ፣ የውሎ አበል ተቀብለው ይሄዳሉ። መሃል ላይ የሚጠይቃቸው የለም። ይሄ አክብሮት አይመስለኝም። ሽማግሌን ማክበር ከሆነ ዓላማው፣ እርቅ ሲቀመጡ ሁለት ወጣት ከኋላቸው እናስቀምጥ። ቅሬውም እንደዚያው። እያንዳንዱ ዳኛ አብሮት የሚውል አንድ ልጅ ይኑረው፤ ከቁልፉ በፊት ነገሩን የሚረከብ።

በስልክ እንቅረጻቸው የሚሉ አሉ። ይቀረጹ፣ እኔም ቀርጫለሁ። ግን በቪዲዮ የማይያዝ ነገር አለ። 20 ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አጎቴ መርዶ ይዘውኝ ሄዱ። ልጇ ሳዑዲ የሞተባት እናት ነበረች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቤቷ ሳንደርስ ባሕር ዛፉ ሥር አስቆሙን። የልብ ጓደኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ እሷ ከጎኗ እንድትቀመጥ አዘዙ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር መኖሯን አጣሩ። እናትየዋ ግፊት ይኖርባት እንደሆነ፣ መድኃኒትም ትወስድ እንደሆነ ጠየቁ። "ቃሉን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ዝም። ታሟል ብላችሁ እንዳትጀምሩ፤ ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ሁለት ሞት ነው።" ለእኔ በማሰሮ ውሃ ሰጡኝ። "አንተ በር ላይ ቁም።"

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ሰፈር አንዲት እናት የልጇን ሞት ከፌስቡክ አየች። ፎቶው ሥር ሻማ ነበረበት። ብቻዋን ነበረች። የለጠፉት ልጆች ክፉ ሆነው አይደለም። ባሕር ዛፍ ሥር ያስቆማቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

አጎቴ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ያ ቁልፉን የተረከበው ዳኛ ነው፤ በሌሊት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ነው የመጣው። ከእኔ በፊት ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርቶ ጥቂት አናገራት። ወንድሜን ከጎኔ አስቀመጠው። "የግፊት መድኃኒትህን ወስደሃል?" አለኝ። ያኔ ገባኝ። ቃሉን የተናገረው እሱ ብቻ ነበር። ታመዋል ብሎ አልጀመረም። በሩ ላይ የማላውቀው ልጅ ቆሟል። ዕድሜው ቢበዛ 18 ቢሆነው ነው። ውሃ ይዟል።