እርማት፦ ዕድሜው የገፋ መርከብ ሁሉ አደገኛ አይደለም

ደብረ ብርሃን የሚኖር ወንድማችን፣ ውጭ አገር ያለች እህቱ ለወላጆቻቸው የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ልትከፍል መሆኑን ጽፎ ምክር ሲጠይቅ፣ ብዙዎቻችሁ «አሮጌና ትንሽ መርከብ አደጋ አለው፤ አዲስና ግዙፉን ምረጡ» ብላችኋል። ለወላጆቹ አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ዕድሜም ሆነ ግዝፈት የደኅንነት መለኪያ አይደለም።

ታይታኒክ በ1912 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሰመጠችው በመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ2012 ጣሊያን ዳርቻ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች የሞቱባት ግዙፏ ኮስታ ኮንኮርዲያም ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር። በዓለም አቀፍ ባሕር የሚጓዝ የመንገደኞች መርከብ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የደኅንነት ምስክር ወረቀቱ ከ12 ወር በላይ አያገለግልም፤ ተፈትሾ ይታደሳል።

ማጣራት ቀላል ነው። የመርከቡን ባለ 7 አሃዝ አይ ኤም ኦ ቁጥር (ዓለም አቀፍ የመርከብ መለያ ቁጥር) ጉዞውን ከሚያዘጋጀው ድርጅት ጠይቁና ኢኳሲስ በተባለው ነጻ የመረጃ ቋት ፈልጉት። የተሠራበት ዓመት፣ ወደብ ላይ የተደረገለት ፍተሻና ታግዶ ከሆነም እገዳው ይታያል።

ጠያቂው እናቱን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ጽፏል። በተሳሳተው ምክር ከሄደ፣ እንደ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር በሚረዝም መርከብ ውስጥ ከመኝታ ክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ ያለው መንገድ ለእርሳቸው ፈተና ነው። ግዙፍ መርከብ በማዕበል ብዙም አለመናወጡ ግን እውነት ነው፤ እናት ማቅለሽለሽ የሚያስቸግራቸው ከሆነ በዚህ ምክንያት ይመረጥ።