የሳቅንባት አገር

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ ነው፤ ወቀሳው ግን እኔን ዘልሎ እናንተ ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። ዓመት ከመንፈቅ ቢያልፈውም ይቅር ልለው ያልቻልኩት አንድ ከሰዓት በኋላ አለ። በዚያን ዕለት አዳራሽ ሞልተን ተቀምጠን፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን የሠራችውን አገር በሳቅ አፈረስንባት።

ለወጣቶች በተዘጋጀ የድርሰት ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ከቀረቡልን ጽሑፎች የሚበዙት ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደትና ስለ እናት ውለታ የተጻፉ፣ ከአምስት ገጽ የማያልፉ ነበሩ። አንዱ ግን ሦስት ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ሆኖ መጣ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሞልቷል። ጸሐፊዋ ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምትማር ልጅ ናት። የጻፈችው በምድር ላይ ስለሌለ አገር ነው። ካርታውን በእጇ ነድፋለች፤ ወንዞቹን ሰይማ፣ የወራቱን ስም አውጥታ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚያርስ፣ እንዴት እንደሚዳኝ፣ ሙታኑን የት እንደሚቀብር በዝርዝር ጽፋለች። የአገሪቱን ስም እዚህ አልጠቅስም። ስሙ የልጅቱ ነው፤ እኔ ደግሞ እስካሁን ከእሷ የወሰድኩት ይበቃኛል።

በዚያች አገር ወንዙ የሚፈሰው ግማሹን ዓመት ብቻ ነው። ውሃው ሲጎድል ሕዝቡ ችሎቱን ወደ ደረቁ የወንዝ ወለል ያወርደዋል፤ የወንዝ ወለል የማንም ርስት ስላልሆነ በዚያ ላይ ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም እኩል እንግዳ ናቸውና። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ችሎቱ ይነሣል፤ እስከዚያ ዕልባት ያላገኘ ክርክር ሁሉ ውሃ እንደወሰደው ይቆጠራል። ስለዚህ ፍርድ ያዘገየ ዳኛ እንደ ሌባ ይታያል። ገንዘባቸው ጨው ነው። ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ጨው በጎተራ አይከርምም፤ ባለጸጋው ዝናብ ሳይገባ ለድኃው ካላበደረ ሀብቱ ቀልጦ ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አመጣችው ብዬ ስገረም፣ በመጀመሪያው ደብተር መግቢያ ላይ መልሱን አገኘሁት። አባቷ ለዓመታት በተጓተተ የድንበር ክርክር ችሎት ሲመላለሱ ስንቅ ይዛ ትከተላቸው ነበር፤ አገሪቱን ማሰብ የጀመረችው በችሎቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የማረከኝ ስለ ንግዳቸው የጻፈችው ነው። የወንዙ ሰዎች ከተራራው ሰዎች ጋር በቋንቋ አይግባቡም፤ እርስ በርስም ይፈራራሉ። ስለዚህ ጨዋቸውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑረው ከዓይን ይሰወራሉ። የተራራው ሰዎች ወርደው የሚሰጡትን ከጨው አጠገብ ያኖሩና እነሱም በተራቸው ይርቃሉ። ባለ ጨው ተመልሶ ዋጋው ከበቃው ያነሣል፤ ካልበቃው ሳይነካው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ከመተማመን በቀር ምስክር የለም።

የሽልማቱ ዕለት ሰብሳቢያችን፣ በዕድሜም በዕውቀትም የማከብራቸው ሰው፣ አሸናፊዎቹን ከመጥራታቸው በፊት «ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን» ብለው ደብተሩን ከፍ አድርገው አሳዩ። ያነበቡት ይህንኑ የንግዱን ክፍል ነበር፤ ለሕፃናት ተረት እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን እያስረዘሙ። «በዚህ አገር ገዢና ሻጭ አይተያዩም! ጨውህን ድንጋይ ላይ ጥለህ ትሮጣለህ፤ ስትመለስ ሀብት ይጠብቅሃል!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቱን ከተቀመጠችበት አስነሥተው «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ አገር የት ነው ያለው?» ሲሉ ጠየቋት። «የትም የለም፣ መምህር» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ያለውን የአገርሽን ታሪክ አውቀሽ ጨርሰሽ ነው ወደሌለው የሄድሽው? ይህ የፈረንጅ ፊልም ያመጣው ቅዠት ነው» አሏት። አንድ ሰው ከኋላ «መፍጠር የእግዚአብሔር ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ተጨበጨበለት።

አባቷ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። የተባለው ሁሉ ሙገሳ መስሏቸው ከሰው ጋር አብረው ሳቁ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ሳቃቸው ከአፋቸው ላይ ሲጠፋ ተመለከትኩ። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህ አይረሳኝም።

አሁን ስሙኝ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ወደ አዱሊስ የመጣ ኮስማስ የሚሉት ነጋዴ ስለ አባቶቻችን የጻፈው አለ። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ሰዎች ይልክ ነበር፤ አብረዋቸው የሚጓዙት ነጋዴዎች ከ500 በላይ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረት ጋር እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች የጥራጥሬ ፍሬ የሚያህል ወርቅ አምጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ አኑረው ይርቃሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያኛውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን መልሶ ይወስዳል። ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ ስለሌላቸው፣ በዚህ ዓይነት ሲገበያዩ አምስት ቀን ያህል ይቆያሉ።

ልጅቱ ኮስማስን አላነበበችም፤ የምትኖርባት ከተማ ቤተ መጻሕፍት እንኳ የላትም። የሚፈራሩ ሁለት ሕዝቦች ደም ሳይፋሰሱ እንዴት ይገበያያሉ ብላ ራሷን ጠይቃ፣ አስባ አስባ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ከደረሱበት ቦታ ብቻዋን ደረሰች። የገዛ አገሯን ታሪክ አታውቅም ተብላ የተዋረደችውም በዚሁ ነው። የሳቅነው በአባቶቻችን ላይ ነበር።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ይህንን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ ደብተሩን በሌሊት ሳነብም ወዲያው ትዝ ብሎኛል። ተነሥቼ «ልጅቱ የጻፈችው አባቶቻችን ያደረጉትን ነው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልተነሣሁም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲስቅ እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ የባሰም አለኝ፤ ከሽልማቱ በፊት በነበረው ስብሰባ፣ ሰብሳቢውን ላለማስቀየም ብዬ፣ የሰጠኋትን ከፍተኛ ነጥብ በገዛ እጄ ሰርዤ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሰብሳቢው ባለማወቃቸው ስተዋል፤ እኔ እያወቅሁ ነው።

ስንወጣ አባቷ በር ላይ ጠበቁኝ። ጋቢያቸውን አደግድገው «ጌታዬ፣ ልጄ ያጠፋችው ጥፋት አለ?» አሉኝ። «የለም፣ አባቴ» አልኩና የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ አስመስዬ ተለይቻቸው ሄድኩ።

ወገኖቼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ማሰብ እንዲህ ያስፈራን? በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አገሩ የት ዘመኑም መቼ እንደሆነ በውል አይነግረንም፤ ያን ጊዜ «ይህ አገር የት ነው?» ብለን ደራሲውን ብናስነሣው ኖሮ ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ራሱን ከየት እናገኘው ነበር? የግእዝ መጻሕፍታችን ስለ ብሔረ ብፁዓን ሲተርኩ፣ ተራ ሰው ሊደርስባት የማይችል አገር ሰዎች እንዴት እንደሚመገቡ፣ እንዴት እንደሚጋቡ፣ ሞታቸው ምን እንደሚመስል በዝርዝር ይነግሩናል፤ ያን የገለበጠ መነኩሴ የሩቅ ሕዝብን አኗኗር ማሰላሰል ኃጢአት አልመሰለውም። አውሮፓውያንማ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን፣ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ንጉሥ ለዘመናት ሲያልሙ ኖረው፣ በእስያ ፈልገው ቢያጡት አገሩን አምጥተው እኛ ላይ አኖሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥታችን የመጡት ይህንኑ ስም ይዘው ነው። ባዕድ እኛን ምናቡ ማድረጉን እንደ ክብር እናወራለን፤ የገዛ ልጃችን ግን የራሷን ወንዝና የራሷን ችሎት ብታስብ ቅዠት እንለዋለን።

«ያለችው አገራችን ሳትስተካከል ስለሌለች አገር መጻፍ ቅንጦት ነው» የምትሉ አላችሁ። ይህን ያለኝ ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተናድጄበትም አልቆየሁም፤ ይልቁንም አዘንኩለት። ያለችው አገር እንዲህ ብቻ መሆን እንደሌለባት ልጅ የሚማረው ከየት ይመስላችኋል? በችሎት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ «ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል» ተብለው ሲወጡ እያየች፣ ጎርፍ ሳይመጣ ፍርድ የሚጨርስ አገር ያሰበች ልጅ ከምን ሸሸች? እኛ ነን የሸሸናት።

ሦስተኛውን ደብተር ወንበሯ ሥር ትታው ሄዳለች። እኔ አነሣሁት። ለመመለስ ነው ብዬ ነበር ያነሣሁት፤ ይኸው ሁለት ክረምት አልፎ ከእኔ ጋር አለ። በትምህርት ቤቷ በኩል መልእክት ልኬ ነበር፤ «መጻፍ ትቻለሁ፤ ደብተሩን ይጣሉት» የሚል መልስ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሥልክ አንሥቼ እንደተውኩት እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

በዚያ ደብተር መጨረሻ አካባቢ ያኔ በችኮላ ያለፍኩት አንድ የችሎት ሕግ አለ። ጎርፉ የወሰደውን ክርክር ከሳሽ ሊቀሰቅሰው አይችልም ይላል፤ ተከሳሹ ግን ውሃው ሲጎድል በራሱ ፈቃድ መጥቶ በደረቁ ወለል ላይ ቢቆም፣ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል። የተበደለው እንዲመጣ አይገደድም። ቢመጣም ባይመጣም ተከሳሹ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆሞ ይጠብቃል።

ዝናቡ አቁሟል፤ ወደ ከተማዋ የሚወስደው መንገድም በኅዳር ይደርቃል ብለውኛል። ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። ከእናንተ መካከል በዚያ አዳራሽ የነበረ ሰው አብሮኝ ሊሄድ ቢወድ፣ ቦታ አለ።