«ዲፕሎማ» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ

«ማስተርስ ልማር ሄጄ ዲፕሎማ ይዤ ልመለስ?» ህንድ ሄዶ ማኔጅመንት ለመማር የሚያስብ ሰው ፒጂዲኤም፣ ማለትም የማኔጅመንት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ የሚል ስም ሲያይ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። በእኛ ጆሮ ዲፕሎማ ከዲግሪ በታች ነው። ዲግሪ ከያዙ በኋላ ወደ ዲፕሎማ መሄድ ቁልቁል መውረድ ይመስላል።

ህንድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ወይም በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ተቋም ብቻ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙት የአህመዳባድና የካልካታ የማኔጅመንት ኢንስቲትዩቶች ዩኒቨርሲቲ አልነበሩም። ስለዚህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመራቂዎቻቸው ይዘው የወጡት ዲፕሎማ ነው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የመግቢያ ፈተናውም ለጉድ የሚያስለቅስ ነበር። ቀጣሪ ግን ዲፕሎማ ነው ብሎ አልናቃቸውም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ዲግሪ እንዲሰጡ ሲፈቅድላቸው ነው ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ፣ ማለት የጀመሩት። ትምህርቱ ያው፣ ወረቀቱ ሌላ።

ታዲያ ልዩነቱ የስም ብቻ ነው? አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ኮርሱንም ፈተናውንም ከላይ ይቀበላል። አንድ ኮርስ ለመቀየር ደብዳቤው ስንት ቢሮ ይዞራል። ፒጂዲኤም የሚሰጠው ተቋም ግን የራሱን ሥርዓተ ትምህርት ራሱ ያወጣል። ገበያው ዳታ ትንተና ሲፈልግ ቶሎ ያስገባል። ጥሩ ነው። ግን ይኸው ነፃነት ሰነፍ ተቋም እጅ ሲገባ የሚያብረቀርቅ ብሮሹር ብቻ ይሆናል። ክፍያውም ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወደ ፒኤችዲ፣ ወደ ማስተማር ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምታስቡ ከሆነ፣ በጥራት የሚቀራረቡ ሁለት አማራጮች ሲቀርቡላችሁ ኤምቢኤውን ያዙ። ዲፕሎማው ስለሚያንስ ሳይሆን፣ በየመስኮቱ ማስረዳቱ ስለሚያደክም። የህንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር መስፈርት ላሟሉ የሁለት ዓመት ፒጂዲኤሞች ከኤምቢኤ ጋር የአቻነት እውቅና ይሰጣል። ሆኖም ፋይላችሁን የያዘው ሰውዬ ይህን ማወቁን በምን ታውቃላችሁ? ሐሳባችሁ የግል ኩባንያ ከሆነ ግን ስሙን ተዉት፤ ከዚያ ተቋም ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ገቡ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ማደናገሪያ አለ። እንግሊዝ አገርም ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚባል አለ፤ ያኛው ግን በእርግጥም ከማስተርስ ያንሳል። ማስተርሱ 180 ክሬዲት ሲሆን ዲፕሎማው 120 ነው። የቀረው 60 አብዛኛውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ አገር የሰማችሁትን ለሌላው አትጠቀሙበት።

ህንድ ውስጥ ፒጂዲኤም ከመረጣችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመላው ህንድ የቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤት የሰጠውን የፈቃድ ደብዳቤ እዩ። ተቋሙ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። ደብዳቤው ላይ የእናንተው ፕሮግራም በስም መኖሩን፣ የምትማሩበት ግቢም ያው መሆኑን አረጋግጡ። ደብዳቤውን ለማሳየት የሚያቅማማ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ።