ወንበሩን የያዘው ኪኒን

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ አክስቴ ትንፋሽ አጥሯት በባጃጅ ይዘናት ሆስፒታል ሄድን። አስም አለባት፣ ከያዛት አመታት ሆኗታል፣ ሰማያዊዋ ሳልቡታሞል ፓፍ ከቦርሳዋ አትለይም፣ ሲነሳባት ሁለቴ ትስብና ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል። የዛን ማታ ግን ሳበች፣ ደገመች፣ ሰለሰች፣ ምንም የለም፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ድንገተኛ ክፍል የነበረው ሀኪም ኦክስጅን አድርጎላት ሌላ መድሀኒት እየጨመረ "ዛሬ የተለየ የወሰዱት ነገር አለ እማማ?" ሲላት የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ግማሹ ያለቀ ስትሪፕ አወጣች። ፕሮፕራኖሎል ነበር።

ከየት መጣ ብትሉ ከቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን እንቅርት አለባት፣ ልቧ እንዳይደልቅ ሀኪም ያዘዘላት ኪኒን ነው፣ አክስቴ "ሰሞኑን ልቤን ትር ትር ይለኛል" ስትላት ቶናው ሳይወርድ ከጓዳ አምጥታ "እንቺ እቺን ዋጪ፣ እኔን ያዳነችኝ እሷ ናት" ብላ ሰጠቻት። በፍቅር ነው የሰጠቻት፣ እሷ ላይ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም። በኋላ መድሀኒቱን የገዛችበትን ፖስታ አሳየችኝ፣ በእስክሪብቶ 1×3 ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ አንዲት ቃል የለበትም።

እኔ ፋርማሲ የተማርኩት እዚሁ ጅማ ነው፣ አሁንም እዚሁ ከተማ መድሀኒት ቤት መስኮት ላይ እሰራለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። ክፍል ውስጥ ስለ ሪሴፕተር ስንት ሰአት ተምረናል፣ ግራፉን ስለን ቀመሩን ሸምድደን ተፈትነናል፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ እውቀት "በቀን ሶስቴ ከምግብ በኋላ" ሆኖ ይቀራል። የምለው አንድ ነገር ነው፣ መድሀኒቱ ሰውነት ውስጥ የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ለበሽተኛው በሚገባው ቋንቋ መንገር የኛ የስራ ድርሻ ነው፣ ጊዜ ከተረፈን የምንጨምረው ነገር አይደለም።

ሪሴፕተር ማለት ምን መሰላችሁ፣ መናኸሪያ የሚሰለፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሴላችን ላይ ወንበሮች አሉ እንበል። አድሬናሊን የሚባለው ሰውነታችን የሚሰራው ኬሚካል መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሴሉ ስራ ይጀምራል፣ ልብ ላይ ከሆነ ልብ ይፈጥናል፣ የሳንባ ቧንቧ ላይ ከሆነ ቧንቧው ይከፈታል። ሳልቡታሞል እንደ አድሬናሊን ሆኖ የሳንባውን ወንበር የሚይዝ ተሳፋሪ ነው፣ ይቀመጣል መኪናውም ይነሳል። ፕሮፕራኖሎል ግን በመስኮት ተወርውሮ ወንበር የሚይዝ ጋቢ ነው፣ ራሱ አይሄድም፣ ሌላውንም አያስቀምጥም። ለጎረቤታችን ልብ ይሄ መልካም ነው፣ የሚደልቀው ልቧ ያርፋል። ችግሩ ጋቢው የልቡን ወንበር ከሳንባው ወንበር አለመለየቱ ነው፣ ሁለቱም ላይ ይጣላል፣ አክስቴ ያን ሁሉ ፓፍ ስትስብ ሳልቡታሞሉ ሳንባዋ ድረስ ደርሷል እኮ ግን የሚቀመጥበት አላገኘም።

ይሄ የኔ ግምት አይደለም፣ ከመቶ አመት በላይ የተለፋበት ስራ ነው። በ1905 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊ ኒኮቲንና ኩራሬ የሚባለው የቀስት መርዝ ጡንቻ ላይ ለአንድ ቦታ እንደሚሻሙ አይቶ ሴሉ ላይ የሚቀበላቸው ነገር መኖር አለበት አለ፣ ብዙ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበለውም። በ1948 አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት የአድሬናሊን ወንበር ሁለት አይነት ነው፣ አልፋና ቤታ ነው ሲል እንደዛው ብዙም የሰማው አልነበረም። ከሰሙት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ነው፣ ልብ ላይ ያለውን ቤታ ብንዘጋው የልብ በሽተኛ እፎይ ይላል ብሎ ተነሳ፣ በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎል ከዛ ወጣ፣ በ1988 ኖቤል ተሸለመበት። በኋላ ቤታው ራሱ ለሁለት ተከፈለ፣ ልብ ላይ የሚበዛው ቤታ አንድ፣ ሳንባ ላይ የሚበዛው ቤታ ሁለት ተባለ፣ ሳልቡታሞልም ሁለተኛው ላይ እንዲያተኩር ተሰርቶ በ1969 ገበያ ገባ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ ናቸው። ሁለቱም ሀኪሞች ናቸው፣ ሌፍኮዊትዝ በ1968 በራዲዮአክቲቭ ምልክት ሪሴፕተር ማደን ጀመረ፣ ኮቢልካ ደግሞ በ2011 ቤታ ሁለት ወንበሩ ተይዞ መልእክቱን ወደ ሴሉ ውስጥ ሲያስተላልፍ ያለውን ቅርጽ በምስል አሳየ፣ በ2012 ኖቤል አገኙ። አንድን ወንበር ፍለጋ ከ40 አመት በላይ! ያ ወንበር ደግሞ የአክስቴ ፓፍ የሚቀመጥበት ያው ወንበር ነው።

"ህዝቡ ይሄ አይገባውም" የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፣ አልስማማም። ጅማ ላይ ስለ ሪሴፕተር ከማንም በላይ የሚያውቅ ህዝብ ነው ያለው፣ ስሙን ብቻ ነው ያልሰማው። ረመዳን የገባ ሰሞን ከሰአት በኋላ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስንቱ ነው ግንባሩን በሻሽ አስሮ የሚውለው? ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ድካምና እንቅልፍ የሚያመጣብን አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ወንበር ላይ የሚጣል ጋቢ ነው፣ ለዛ ነው የምንነቃው። በየቀኑ ወንበሩ ሲያዝበት ሰውነት ዝም አይልም፣ ወንበር ይጨምራል። ከዛ ቡናው ድንገት ሲቀር አዴኖሲን ያን ሁሉ ባዶ ወንበር ያገኛል፣ የጭንቅላት የደም ስር ይሰፋል፣ ከመጨረሻዋ ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰአት ባለው ጊዜ ራስ መፍለጥ ይጀምራል። ይሄን ለአንዲት እናት ስነግራት ሳቅ ብላ "ለካ ሱሱ ወንበር ነው" አለችኝ። ገብቷታል ማለት ነው።

ጫቱም እንደዛው ነው። ሀኪም "ጫት ይቅማሉ?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ሊወቅሰኝ ነው ብሎ ይደብቃል፣ ጥያቄው ግን የወንበር ጥያቄ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን የሚባለውን የአድሬናሊን ወንድም ከነርቭ ጫፍ እንዲፈስ ያደርጋል፣ ልብ ይፈጥናል ግፊት ይጨምራል፣ ሰውየው ደግሞ ጠዋት የግፊት ኪኒን ውጦ ከሰአት ይቅማል፣ ያው ልብ ላይ ሁለቱ ይሻማሉ። ምክንያቱ ከተነገረው ለምን ይደብቃል?

መስኮቱ ላይ ሰልፍ እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም የቆምኩበት ነው። ግን ፕሮፕራኖሎል ስንሰጥ "አስም አለብዎት? ቤት ውስጥስ አስም ያለበት ሰው አለ?" ብሎ መጠየቅና ፖስታው ላይ "አስም ላለበት ሰው አይሰጥም" ብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ከማህበረሰቡ ጋር መስራት የቆየ ባህላቸው ነው፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ውሀ እንደሚጠይቁት ቁም ሳጥን ውስጥ ስላለው ኪኒንም ይጠይቁ። ፋርማኮሎጂ የሚያስተምሩን ሰዎችም ክፍል ውስጥ ያሉትን በሬዲዮ ይንገሩን፣ ያስተማሩኝ መምህራን ጎበዞች ናቸው፣ ቡና እየጠጡ ቢያወሩት ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማቸው።

አክስቴ ደህና ናት፣ በሶስተኛው ቀን ነው የወጣችው። ጎረቤታችን ግን ነገሩን ከሰማች ወዲህ ደንግጣ ኪኒኑን ልትጥለው ነበር፣ አንድ ጠዋት በር ላይ ጠብቃ "ልጄ፣ ይሄ መርዝ ከሆነ እኔም ልተወው" አለችኝ። ቁጭ ብለን የቡናውን ነገር ነገርኳት፣ ያንቺም ልብ ጋቢው ሲጣልበት ከርሞ ወንበር ጨምሯል፣ በአንድ ቀን ብታነሺው አድሬናሊኑ ሁሉም ላይ ነው የሚቀመጥ፣ ከበፊቱ ብሶ ይደልቅብሻል፣ መተው ካለብሽ ሀኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስተውሽ አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ "እንደ ረመዳኑ ራስ ምታት በይኛ" አለች። ሀሙስ ቀጠሮ አላት፣ ኪኒኗን ከነፖስታው ይዛ ነው የምትሄደው።